አራት ቀሚሶች በየቅዳሜው

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ልብስ አጥቤ ጨረስኩ። የእኔ ሁለት ሸሚዝ፣ የልጄ ዩኒፎርም፣ አንሶላ፣ የሚስቴ አራት ቀሚሶች። ቀሚሶቹን የማሰጣቸው በመንገድ በኩል ባለው ገመድ ላይ ነው፤ አንሶላው ከኋላ ይሆናል። ለምን እንደዚያ እንደማደርግ ለራሴ ደብተር መጻፍ እንኳ አሳፈረኝ፤ ግን ከጀመርኩ አይቀር ልጻፈው። እሷ ከሄደች ሰባት ወር ሊሆናት ነው። በሰፈሩ የሚያውቅ ሰው የለም። ማለዳ ወጥታ ማታ የምትገባበት ሥራ ይዛለች ብያለሁ። ቀሚስ ከተሰጣ ሴት አለች ማለት ነው።

ያልተለበሰ ልብስ ማጠብ ቀላል ነው። ነከር፣ ጨመቅ፣ በቃ። እንጀራዬ ልብስ መቁረጥ ነውና ጨርቅ አከብራለሁ፤ መቆንጠጫው ትከሻቸው ላይ ምልክት እንዳይተው ከጫፋቸው ነው የምይዛቸው።

ልጄ በመስኮት ታየኛለች። አሥር ዓመቷ ነው። በሁሉ ነገር ላይ ስለምትፈርድ ዳኛዋ እላታለሁ።

«አባዬ፣ ሰማያዊውን ባለፈው ሳምንት አጥበኸው አልነበር?»

«አቧራ ነክቶት ነው።»

ምንም አላለችም። ዳኛዋ ዝም ካለች ደግሞ ፍርዱ ከብዷል ማለት ነው።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ቸኩያለሁ። ዳቦ አልቋል። የልጄን ፀጉር ሁለት ቦታ ጎነጎንኩት፤ አንዱ ወደ ጆሮዋ፣ አንዱ ወደ ማጅራቷ ሄደ። በመስታወት አይታ «ይሁን» አለች። አንጀቴን በላችው። ልብስ የምቆርጥበት ወርክሾፕ ውስጥ አዲስ ትእዛዝ አለ፣ ለአንድ ክሊኒክ ሠላሳ ነጭ ጋውን።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

እታለም ደወለች። ታላቅ እህቴ ናት፤ ወላጆቻችን ሲሞቱ እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። የሚስቴን መሄድ የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነው።

«ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ መጥቼ ልጅቷን ልውሰዳት» አለች። «አንተን ማማቴ አይደለም። ግን ሴት ልጅ ናት። ነገ ከነገ ወዲያ ታድጋለች። ያን ጊዜ ማንን ትጠይቅ? አንተን? እኔ ዘንድ ልጆቼ እህቶች ይሆኗታል፣ ጓሮ አለ፣ ቤቱ ሰው አለበት።»

«እሺ እታለም፣ እናያለን» አልኳት። በእኛ ቤተሰብ «እናያለን» ማለት እሺ ማለት ነው፤ እሷም እንደዚያው ተረድታ ዘጋችው።

እምቢ ልበል ብል በምን አፌ? ሚስቴ ስትሄድ የተናገረችው አንድ ነገር ነው፤ «እዚህ ቤት ውስጥ ትንፋሽ አጠረኝ።» እጄን አንስቼባት አላውቅም። ጠጪም አይደለሁም። ብትሰድበኝ ኖሮ መልስ ይኖረኝ ነበር። ትንፋሽ አጠረኝ ላለ ሰው ምን ይመለሳል? አዋቂ ሰው እኔ ዘንድ መተንፈስ ካቃተው፣ የአሥር ዓመት ልጅ ምን ልትሆን ነው? ይህን ሳወጣና ሳወርድ ነው የከረምኩት።

ስልኩን ስዘጋ ልጄ በሩ ላይ ቆማለች። «ማን ነው?» አለችኝ።

«እታለም ናት። ሰላም ብላሻለች።»

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

በሃያ ዓመት ሥራዬ ሠርቼው የማላውቀውን ስህተት ሠራሁ። የጋውኑ ጨርቅ ፊትና ጀርባ አለው፤ ፊቱ ያብረቀርቃል፣ ጀርባው ደብዛዛ ነው። እጅጌ ሲቆረጥ ጨርቁ ፊት ለፊት ተገጣጥሞ ይነጠፋል፤ ያን ጊዜ አንዱ የቀኝ፣ አንዱ የግራ ሆኖ ይወጣል። ለማጅ እንኳ የሚያውቀው ነገር ነው። እኔ ሁሉንም ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ ደራርቤ ቆረጥኩት። ስድሳ የቀኝ እጅጌ። ግራ የሚባል አንድም የለም።

ያየው ሬዲዮ ነው። የጨርቅ ጠርዝ በሚዘመዝመው ኦቨርሎክ ማሽን ላይ የሚሠራው ልጅ ነው፤ ማሽኑ ሲጠፋ እሱ ስለማይጠፋ ነው ሬዲዮ ያልነው። ሁለት እጅጌ አንስቶ ደረቱ ላይ ገጠማቸውና «ጌታው፣ ይሄ ክሊኒክ ግራ እጅ ያለው ሐኪም አልቀጠረም እንዴ?» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

አለቃዬ አልሳቁም። ወደ መጋዘኑ ጠሩኝ። «አንተ እንዲህ አትሠራም። ምን ሆነሃል?»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ከአፌ የወጣው «ባለቤቴን አሟት ነው፣ እትዬ» የሚል ሆነ።

«ውይ! ምኗን?»

«ትንፋሽ ያጥራታል።»

እጄን ያዙኝ። የግራዎቹን ከተረፈው ጨርቅ ነገ እንድቆርጥ፣ የተረፈው የቀኝ እጅጌ ደግሞ ለሚቀጥለው ትእዛዝ ይቀመጥ አሉ። እራት ላይ የእጅጌውን ነገር ለልጄ ነገርኳት። «ሁለት ቀኝ እጅ ያላቸው ሰዎች ፈልጉ» ብላ እስኪያንቃት ሳቀች። የቀረውን አልነገርኳትም።

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

«እንዴት አደረች?» አለ ሬዲዮ። «ሻል አላት?» አለች ቁልፍ የምትተክለዋ። አለቃዬ አንድ ጠርሙስ ማር ሰጡኝ። ልጄ ዳቦዋ ላይ እየቀባች «ለምን ሰጡህ?» ስትለኝ «እንዲሁ» አልኳት። ማሩ ጥሩ ማር ነው። እኔ አልቀመስኩትም።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ልብስ ሳሰጣ እማማ አዋላጅ ወጡ። ጎረቤታችን ናቸው፤ አርባ ዓመት አዋልደው ነው ጡረታ የወጡት።

«ልጄ፣ ቀሚሶቹን ጥላ ላይ አድርጋቸው፤ ፀሐይ በላቸው እኮ» አሉኝ።

«እሺ እማማ።»

«ባለቤትህ ግን ቀሚስ ብቻ ነው እንዴ የምትለብሰው?»

«ለሥራዋ ስለሚመቻት ነው» አልኳቸው።

ወገባቸውን ይዘው ሳቁ። ምኑ እንዳሳቃቸው አልገባኝም።

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

ጉድ ፈላ። የወርክሾፑ ሰዎች ቅዳሜ ልንጠይቃት እንመጣለን አሉ። ሐኪሙ ሰው እንዳታገኝ ከልክሏል አልኩ። ሬዲዮ «ታዲያ እኛ ምን እናደርጋታለን፣ ደጃፏ ላይ ቆመን ይማርሽ ብለን እንመለሳለን» አለ። ቤቱ ጠባብ ነው አልኩ። «አንቀመጥም።» ወንበር የለም አልኩ። «አልኩህ እኮ፣ አንቀመጥም።»

ሚያዝያ 24፣ ዓርብ

ለልጄ ነገርኳት። ማሩ ከየት እንደመጣም ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እና ነገ ምን እንላለን?»

«ተኝታለች እንላለን።»

«የት?»

«መኝታ ቤት።»

«በሩ ይዘጋል?»

«ይዘጋል።»

«እሺ» አለች። የቤት ሥራ እንደታዘዘች ሁሉ። ሌላ አልጠየቀችም። ብትጠይቅ ይሻለኝ ነበር።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ይህን ቀን እንዳለ ልጽፈው እፈልጋለሁ። ወደፊት ራሴን ስዋሽ አውጥቼ አነበዋለሁ።

አራት ሰዓት ላይ መጡ። አለቃዬ፣ ሬዲዮ፣ ቁልፍ የሚተክሉት ሁለቱ እህትማማቾች፣ ካውያ የሚይዘው ሽማግሌ። ብርቱካንና ወተት ይዘዋል። በሽተኛዋን እንዳይቀሰቅሱ በጣታቸው እየረገጡ ነው የገቡት። በሕይወቱ ዝም ብሎ የማያውቀው ሬዲዮ ይንሾካሾክ ነበር።

ልጄ ፀጉሯን ራሷ አበጥራለች። ውሃ በትሪ አዞረች። ከዚያ ትንሿን ወንበር ጎትታ መኝታ ቤቱ በር ላይ አስጠጋችና ተቀመጠችባት።

«እማዬ አሁን ገና ነው የተኛችው» አለች በለሆሳስ። «ሌሊቱን ሙሉ ሲያስላት ነው ያደረው።»

ሳል የሚባል ነገር አልነገርኳትም። ራሷ ነው የፈጠረችው። አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም፤ ልክ የንባብ ክፍለ ጊዜ ላይ እንደምታነብ ነው። እንዲህ መዋሸት ከማን ተማረች እንዳልል፣ አስተማሪዋ እዚያው ብርቱካን ይዞ ተቀምጧል።

«አንቺስ ደህና ነሽ የኔ ልጅ?» አሏት አለቃዬ።

«ደህና ነኝ።» እጆቿን ከጭኖቿ በታች ከታለች።

ከእህትማማቾቹ ታናሽየዋ ተነሳች። «በሩን ገርበብ አድርጌ በዓይኔ ብቻ ልያት። ድምፅ አላሰማም» አለች።

ልጄ ብድግ ብላ ጀርባዋን ለበሩ ሰጠች። «አይቻልም» አለች። «አይቻልም፣ አይቻልም!» እየተንሾካሾከች ነው የምትጮኸው። እንባ በሞላ ዓይኗ እኔን ታየኛለች፤ ግን ከበሩ ንቅንቅ አላለችም። ባዶ አልጋ ነው የምትጠብቀው።

እኔ አባቷ ተቀምጬ አየኋት። አልተነሳሁም።

አለቃዬ «ተያት፣ አናስቸግራትም። ተቀመጪ የኔ ልጅ» አሉ። ወዲያው ሁሉም ተነሱ። ሲወጡ አለቃዬ ትከሻዬን ጨበጥ አድርገው «በርታ» አሉኝ። ከእነሱ ውስጥ ይማራት ያለ አንድም ሰው እንደሌለ ያስተዋልኩት አሁን ስጽፍ ነው።

ከሄዱ በኋላ ልጄ መኝታ ቤቱን ከፈተች፤ ወደ ውስጥ አየችና መልሳ ዘጋችው።

«እታለም መቼ ነው የምትመጣው?» አለችኝ።

ክው አልኩ። ሰምታለች ማለት ነው። «ትምህርት ሲዘጋ።»

«ስንት ቀን ቀረው?»

ቆጠርኩላት። ሃምሳ አምስት ቀን።

«እሺ» አለች።

ሚያዝያ 26፣ እሁድ

ልጄ ከእኔ ለመገላገል ቀን ትቆጥራለች። አልፈርድባትም። ሲጨንቀኝ ዋልኩ። ብርቱካኑን ማንም አልነካውም።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

ማሽኖቹ ሳይነሱ ቀድሜ ደረስኩ። ሁሉም ገብተው ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ መቁረጫ ጠረጴዛው አጠገብ ቆምኩ።

«የምነግራችሁ አለኝ» አልኩ። «ባለቤቴ አልታመመችም። ትታኝ ሄዳለች። ሰባት ወሯ ነው። ቅዳሜ ከዚያ በር ኋላ ማንም አልነበረም። እናንተን ዋሸኋችሁ፣ ልጄንም አስዋሸኋት።»

ሬዲዮ መቀሱን አስቀምጦ «እናውቃለን ጌታው» አለ።

«ምኑን?»

«መሄዷን ነዋ። የእህቴ ባል ሹፌር አይደል? ባለቤትህን አሁን ባለችበት ከተማ አይቷታል። ገና በሁለተኛው ወር።»

ለካ ሰባት ወር ሙሉ ስደብቅ የነበረው ከራሴ ጆሮ ብቻ ኖሯል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ይሄን ነው።

«ታዲያ ቅዳሜ ለምን መጣችሁ?» አልኩ። ተቆጥቼ ነበር መሰለኝ።

አለቃዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንተን ልንጠይቅ ነዋ! ስድሳ የቀኝ እጅጌ የቆረጠ ሰው ነው እንጂ የታመመው፣ ሌላ ማን ታመመ?»

ታናሽየዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ «እኔን ይቅር በለኝ፣ በሩን ልክፈት ያልኩት ስላልሰማሁ ነው፤ ለእኔ ብቻ ማንም አልነገረኝ» አለች። ሬዲዮ «አንቺ ጋ ሲደርስ ባትሪዬ አልቆ ነው» አላት።

ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ሰው ፊት። ካውያ የሚይዘው ሽማግሌ በሞቀ ፎጣ ፊቴን ጠረገልኝ፤ ለሸሚዝ አንገት የሚያደርገውን ጥንቃቄ ነው ያደረገልኝ። እንዲህ ቀልሎኝ አያውቅም። እንዲህም አፍሬ አላውቅም።

ማታ ለልጄ «ዛሬ እውነቱን ነገርኳቸው» አልኳት። «ለሁሉም?» «ለሁሉም።» «አልሳቁብህም?» «አልሳቁብኝም።» ብርቱካን ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ቀሚሶቹን አላጠብኩም። ባዶውን ገመድ ሁለት ጊዜ ወጥቼ አየሁት፤ ይህንንም ልካድ አልልም።

እማማ አዋላጅ ወጡና ገመዱን አዩ። «ዛሬ የሉም።»

«የሉም እማማ። ባለቤቴ ሄዳለች።»

«እሰይ!» አሉ። ከዚያ ደንገጥ ብለው «መሄዷን አይደለም፤ መናገርህን ነው» አሉ።

«እርስዎም ያውቁ ነበር?»

«አርባ ዓመት ከሴት ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ። ከቀሚስ በታች ምንም የማይታጠብላት ሴት እስካሁን አላጋጠመችኝም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። እሳቸው ግን ሳቃቸውን ጨርሰው አጠገቤ ተቀመጡ። «ልጅቷ እያደገች ነው። አንተን የማትጠይቅህ ነገር ይመጣል፤ እሱ ሲመጣ ወደ እኔ ላካት። እስከዛሬ ዝም ያልኩት ስላልጠየቅከኝ ነው እንጂ፣ በራፌ አሥር እርምጃ ነው።»

ለመጠየቅ አፍ እንዳለኝ ረስቼው ነበር።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ሚስቴ ደወለች። በወር አንዴ ልጇን ታናግራለች። ሲጨርሱ ስልኩን ተቀበልኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ አልቀበልም። ቀሚሶችሽን በአውቶቡስ ልልክልሽ ነው አልኳት።

«ጥለሃቸው መስሎኝ ነበር።»

«በየሳምንቱ ሳጥባቸው ነው የከረምኩት።»

ያን ጊዜ የከረመውን ጠየቅኳት። «ትንፋሽ ያጠረሽ በእኔ ነው?»

«አይደለም» አለች። «አንተ መጥፎ ሰው አይደለህም። እዚህ መጥቼም እኮ አጥሮኛል፤ ይዤው ነው የመጣሁት። አሁን ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። ልነግርህ አፈርኩ።»

ልመናት አልመናት አላውቅም። አንድ ቀን ሲከፋኝ እንዳነበው ግን ጻፍኩት። እሷም አሳዘነችኝ።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

መጥፎ ቀን። ፓስታው አረረ። ዝናብ። ሁለት ሰዓት የፈለግኩት ካልሲ እግሬ ላይ ነበር። የሚስቴ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደገና ጀመረኝ፤ አትረባም፣ አትረባም። እታለም ትምጣና ትውሰዳት፣ ይሻላታል።

ግንቦት 17፣ እሁድ

ዳኛዋ ፈረደች። ነገሩ የተነሳው ከጫማ ነው። ጫማሽን አንሺ አልኳት። አላነሳችም። ደግሜ ስላት ፈነዳች።

«ሁልጊዜ የምትለኝን ነው የማደርገው! እማዬ ሥራ ናት በዪ ስትለኝ አልኩ! ተኝታለች በዪ ስትለኝ አልኩ! ጓደኛዬ እናትሽ ለምን አትመጣም ስትለኝ ዋሸኋት፤ ከዚያ ምን እንዳልኳት ረሳሁና ሌላ ውሸት ዋሸኋት፤ አሁን አታናግረኝም! በአንተ ነው!»

የመጀመሪያ ሐሳቤ ለአንቺ ብዬ ነው ልላት ነበር። ውሸት ነው። ለእኔ ብዬ ነው። የተተወ ወንድ እንዳልባል ነው።

«ልክ ነሽ» አልኳት። «በእኔ ነው። ያንቺ ጥፋት የለበትም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ትንፋሿን ሰብስባ ለሁለተኛው ዙር ተዘጋጅታ ነበር፤ የምትመታው ስታጣ ጫማዋን አንስታ ታቅፋ አለቀሰች። አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እኔም አለቀስኩ። ስንጨርስ «እታለም ጋ ስሄድ ስለ እማዬ ሲጠይቁኝ የቱን ነው የምለው?» አለችኝ።

«እውነቱን ነው። እዚያም፣ እዚህም፣ የትም።»

«እዚህም?»

«እዚህም።»

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

ከጓደኛዋ ጋር ታርቀዋል። የልጅቷም አባት ሄዷል ለካ። እሷ ደግሞ መርከብ ላይ ነው የሚሠራው ስትል ነበር አለችኝ። ሁለቱም ዋሾዎች እስኪበቃቸው ስቀዋል።

ግንቦት 24፣ እሁድ

ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር አውጥታለች። ገና አራት ሳምንት ይቀራል። አጣጥፋ ታስገባለች፣ ታወጣለች፣ እኔን በጎን ታየኛለች። «ልርዳሽ?» አልኳት። «እሺ» አለች፤ ፊቷ ላይ ግን ቅሬታ አየሁ። አጣጥፌ ሰጠኋት። በጣም ጎበዝ አጣጣፊ ነኝ። ቅር ያላት ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ሻንጣው ትንሽ ሆኖባት ይሆናል።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

አለቃዬ ሁለት አዳዲስ ቆራጮች ቀጥረው እንዳሠለጥናቸው ሰጡኝ። «እኔ? ከዚያ ጉድ በኋላ?» አልኳቸው። «ከዚያ ጉድ በኋላ ነው እንጂ! ከአንተ የተሻለ እጅጌ የሚጠነቀቅ የት ይገኛል?» አሉ። የተረፉትን የቀኝ እጅጌዎች ከጆንያ አውጥቼ ለልጆቹ ያጠፋሁትን አሳየኋቸው። አንደኛዋ «እርስዎም ይሳሳታሉ?» አለችኝ። «በደንብ አድርጌ» አልኳት። ጥሩ ሠራተኛ ነኝ። ይህን ጽፌ አላጠፋሁትም።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

እማማ አዋላጅ ሻይ አፈሉ። ልጄ አሁን እሳቸው ዘንድ መመላለስ አብዝታለች፤ ሁለቱ ሲንሾካሾኩ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። ደስ የሚል ዝምታ ነው።

«ልጅቷን ጠይቀሃታል?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«መሄድ ትፈልግ እንደሆነ።»

«ሻንጣዋን ካዘጋጀች ሦስት ሳምንቷ እኮ ነው።»

«እኔ የጠየቅኩህ ስለ ሻንጣው ነው?»

ተናድጄ ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ምን ልላት ነው? እኔ ስለምፈልግሽ ጓሮውንም እህቶቹንም ተዪ ልላት? ለራሴ ብዬ አንዴ በድያታለሁ፤ ሁለተኛ አልደግመውም።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ትምህርት ተዘጋ። ልጄ ከክፍሏ ሦስተኛ ወጣች። ሻንጣው በሩ ጀርባ ቆሟል። ምሳ አልበላ አለኝ።

ሰኔ 22፣ እሁድ

እታለም ትናንት ገባች። ቤቱን ከዳር እስከ ዳር አየችው። መሳቢያ ከፈተች፣ የልጄን ጥፍር አየች፣ ከጆሮዋ ኋላ ሳይቀር አየች። «ንጹሕ ናት» አለች፤ ቅር ያላት ይመስል።

ዛሬ ከምሳ በኋላ «በይ፣ ነገ ማለዳ ነው የምንነሳው። ደስ አላለሽም?» አለቻት።

ልጄ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ያን ቅዳሜ በሩ ላይ ቆማ እንዲሁ ነው ያየችኝ፤ ያን ጊዜ ብርቱካን ይዤ ተቀምጫለሁ።

ዛሬ ተነሳሁ።

«እታለም፣ እንድትሄድ አልፈልግም» አልኩ።

«ምን?»

«ልጄ ከእኔ ጋር ናት የምትኖረው። ለእረፍት ትምጣ፣ ትሰንብት። ኑሮዋ ግን እዚህ ነው፤ እሷ ከፈለገች።»

«እሺ እናያለን አላልከኝም?»

«ብያለሁ። ያኔ የማልረባ መስሎኝ ነው።»

እታለም ተቀመጠች። «እና ሲያማት? ስታድግ? የሴት ነገር ሲመጣ?»

«ሲያማት አስታምማታለሁ። የሴቱን ነገር ከጎረቤት ጋር ተነጋግረንበታል። የማላውቀውን እጠይቃለሁ። አንቺንም ጭምር።»

«ብቻህን?»

«አንቺ እኔን ስታሳድጊ ከማን ጋር ነበርሽ?»

ይህን ስላት ፊቷ ተለወጠ። ብዙ ዓመት ስለዚያ ተናግረን አናውቅም። ሃያ ዓመት ሳይሞላት ነው እኔን የያዘችኝ፤ አክስቶቻችን ልጁን ለእኛ ስጪን፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ ሲሏት ትዝ ይለኛል። ነጠላ ጫማዋን እያየች «ማታ ማታ አለቅስ ነበር» አለች። «አልበቃውም እያልኩ።»

«በቅተሽኛል እታለም» አልኳት። ተነስታ አቀፈችኝ፤ አጥንቴን ሰበረችው። ከዚያ ወደ ልጄ ዞራ «አንቺስ? አፍ የለሽም?» አለቻት።

«እዚህ ነኝ» አለች ልጄ። ሌላ ምንም ሳትል እማማ አዋላጅ ዘንድ በሩጫ ሄደች።

ሰኔ 23፣ ሰኞ

እታለምን አውቶቡስ ላይ አሳፈርናት። በመስኮት «ጥፍሯን አታሳጥረው፣ ያማታል!» እያለች ሄደች።

ስንመለስ ልጄ እጄን ሳትለቅ ሄደች። ቤት ገብተን ውሃ ስቀዳ «ብሄድ ኖሮ ታለቅስ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ብዙ?»

«ብዙ።»

«ታዲያ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም? ሻንጣዬን ያወጣሁት እኮ ተዪው እንድትለኝ ነው። አንተ ደግሞ ልርዳሽ አልከኝ። ሁሉንም አጣጥፈህ ስትሰጠኝ እንድሄድልህ የምትፈልግ መሰለኝ።»

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። አራት ሳምንት ሙሉ ያንን ይዛ ነው የተኛችው። እያንዳንዱን ሹራብ ጠርዙን አስተካክዬ፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ መልሼ ነው የሰጠኋት፤ እሷም እየተቀበለችኝ ወደ ሻንጣው አስገብታዋለች።

«በዚህ ዓለም ላይ ከምንም በላይ የምፈልገው ከአንቺ ጋር መኖር ነው» አልኳት። «በየቀኑ። ጫማሽን ባታነሺም።»

አየችኝ። አውቃለሁ፣ ውሸት መሆን አለመሆኑን እየመረመረች ነበር። ብዙ ጊዜ ወሰደባት፤ እኔም ፊቴን አላዞርኩም።

«እሺ» አለች። «በል ሻንጣውን አልጋዬ ላይ አውጣልኝ፤ ከባድ ነው።»

አወጣሁላት። ሹራቦቿን አንድ በአንድ እያወጣች፣ መታጠፋቸውን እየፈታች ወደ መሳቢያው ስትወረውራቸው ቆሜ አየሁ። አንዱንም መልሼ አላጠፍኩትም።